ሞት ትኬት ያልቆረጠበት አውቶቡስ

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት ስልሳ አራት ዓመቴ ነበር። የሁዳዴ ጾም ገብቷል። እኔና ባለቤቴ በለጠች ከወለጋ ወደ ደብረ ብርሃን በአውቶቡስ የተጫንነው ያን ጊዜ ነው። ለምን እንደተጫንን አልዘረዝርም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅም ከእኔ ባይሰማ ይሻለዋል። እኔ የምጽፈው ስለ ሲስተር ጥሩወርቅ ነው።

ሲስተር ጥሩወርቅ ባለፈው ወር አረፈች። ለቅሶዋ ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ጎልማሳ ተነስቶ የሕይወት ታሪኳን አነበበ። «ሲስተር ጥሩወርቅ ዝምተኛ፣ ትሑት፣ አንደበተ ለስላሳ፣ ሰው የማታስቀይም እናት ነበረች» አለ። ዙሪያዬን አየሁ። የተሳሳተ ድንኳን የገባሁ መሰለኝ።

ጎኔ የተቀመጠውን ሰው «ይሄ የማን ለቅሶ ነው?» አልኩት።

«የሲስተር ነው እንጂ፤ ምን ሆነሃል?»

«ታዲያ ይሄ ሰውዬ ስለማን ነው የሚያነበው?»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ድንኳን ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ። ይየኝ። ሲስተር ጥሩወርቅ ዝምተኛ ከነበረች እኔ ጳጳስ ነኝ። ሰው ሲሞት ለምን ሌላ ሰው እንደሚያደርጉት አይገባኝም። ስለዚህ እኔው ልጻፈው አልኩ። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሕፈቴ ጠማማ ነው፣ ነገሬ ግን ቀጥ ያለ ነው።

ቁመቷ አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ ነው። ከነጩ ጋውኗ ላይ የወንድ ኮት ትደርባለች። ዝናብ ኖረም አልኖረም ጃንጥላ ከእጇ አይጠፋም። በጃንጥላዋ ሰው ትጠቁማለች፣ በር ትመታለች፣ የተኛ በሽተኛ ትቀሰቅሳለች። ማንንም አትፈራም፤ ውሻ ስታይ ግን እንደ ሕፃን ሰው ጀርባ ትደበቃለች። ሰላምታዋም የጤና አልነበረም። እኛ እጅ እንጨባበጣለን፤ እሷ እጅህን ትይዝና የእጅህን ጀርባ ቆንጥጣ ትለቃለች። የቆነጠጠችው ቆዳ ቶሎ ከተኛ «ደህና ነህ» ትላለች። ካልተኛ «ውሃ ጠጣ፣ አንተ ደረቅ!» ብላ ትጮኻለች። ሠርግ ላይ ሙሽራ ስትቆነጥጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ትውልዷ ሰላ ድንጋይ ነው፤ እኔ የአንኮበር ሰው ነኝ፣ በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ነው ወለጋ የወረድኩት። ሁለታችንም የሸዋ ሰዎች ስለሆንን ባዕድ አገር ላይ መዋደድ ነበረብን። አልተዋደድንም። እሷ የቀበሌያችን ጤና ኬላ ነርስ ሆና በመጣች በሳምንቱ ጥርሴን አሞኝ ሄድኩ።

«ይነቀላል» አለች፣ ገና አፌን ሳልከፍት።

«አይነቀልም» አልኩ።

«ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ማስታገሻ ስጪኝ።»

«ጋሽ ተክሌ፣ የአንተ በሽታ ግትርነት ነው። ለእሱ መድኃኒት አልመጣልንም።»

«አንቺስ ግትር አይደለሽም?»

«የእኔ ሥራ ነው፤ ደሞዝ ይከፈለኛል።»

ጥርሱ እስከ ዛሬ አለ። ያመኛል፣ ግን አለ።

ከበለጠች ጋር የተጣሉት ደግሞ በጾም ነው። በለጠች ጾመኛ ናት። የምሯን ነው፤ በሁዳዴ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ እንኳ በአፏ አይዞርም። ሲስተር ደግሞ ኮቷ ኪስ ውስጥ ቆሎ አላት፤ በሁዳዴም ሆነ በፍስክ ከጠዋት ጀምሮ ትቆረጥማለች። በለጠች አንድ ቀን «ሲስተር፣ እግዜርን አትፈሪም?» ብትላት፣ «እፈራለሁ፤ ለዚህ ነው ምራቄን እየዋጥኩ መርፌ የማልወጋው፤ እጄ ይንቀጠቀጣል» አለቻት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሲተላለፉ በግንባር ብቻ ነበር ሰላም የሚባባሉት።

እንግዲህ አውቶቡሱ። ከመጫናችን በፊት አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሰንብተን ነበር። የምንጠጣው የወንዝ ውሃ ነው። ተቅማጥና ትውከት የገባብን እዚያ ነው። አውቶቡሱ ሲመጣ ሰው፣ ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ የታሰረች ዶሮ፣ ሁሉም አንድ ላይ ገባ። ገና የመጀመሪያውን ኮረብታ ሳንጨርስ ከኋላ አንዱ አስመለሰ፤ እሱን አይቶ ጎረቤቱ፤ እሱን አይታ ደግሞ ሚስቱ። ፌስታል ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ሎሚ የያዘ ሎሚውን አፍንጫው ላይ ለጠፈ። ሽታው ሽታ እንዳይመስላችሁ።

ሲስተር ከእኛ ጋር ተፈናቅላ እንደ ሁላችንም ነው የተሳፈረችው፤ ማንም የጤና ኃላፊ አላደረጋትም። ፊት ወንበር ላይ ወጥታ ቆመች።

«መስኮት ክፈቱ!»

ማንም አልተነቃነቀም። የእኛ ሰው ከጅብ ይልቅ የመኪና ንፋስ ይፈራል።

«መስኮት ክፈቱ እኮ ነው የምላችሁ! በገዛ ትንፋሻችሁ ልትበስሉ ነው?»

መጥታ የእኛን መስኮት ጎትታ ከፈተችው። በለጠች ከሁሉ ይበልጥ ታማለች፤ ጋቢ ተከናንባ ትከሻዬ ላይ ተደግፋለች። ዘጋሁት።

«ሲስተር፣ ሚስቴ ታማለች። ንፋስ ይመታታል።»

«ጋሽ ተክሌ፣ ሠላሳ ዓመት ሳክም ንፋስ የገደለው ሰው አልቀበርኩም። ይሄ ሽታ ግን ዝሆን ይጥላል።»

ከፈተች፤ ዘጋሁ። ከፈተች፤ ዘጋሁ። ያ መስኮት በዚያን ቀን ከሾፌሩ ማርሽ የበለጠ ሠርቷል። ሰው በሽታውን ረስቶ እኛን ያያል። በመጨረሻ ጃንጥላዋን በመስኮቱ ክፍተት ሰክታ ጥላው ሄደች፤ ብገፋ አይዘጋም፣ ብጎትት አይወጣም። እኔም ተነስቼ በመስኮቱና በበለጠች መሃል ተቀመጥኩ፤ ንፋሱን በጆሮዬ ተቀበልኩት። ጆሮዬ እስከ አምቦ ድረስ ደነዘዘ። አሁንም ትክክሉ እኔ ነኝ እላለሁ። እሷም ከሐሳቧ አልተመለሰችም፤ ኋላ ደብረ ብርሃን መጠለያ ስንገባ፣ በዚያ በሚያንገበግበው ብርድ፣ የሰውን ሁሉ ሸራ በምላጭ እየቀደደች መስኮት አወጣችለት። አንድ ሰውዬ ሌባ ገባ ብሎ በዱላ ሊመታት ነበር።

የመስኮቱ ነገር ሲያልቅ የሾፌሩ መጣ። ደምሴ ይባላል፤ ከሲታ፣ ነጭናጫ ሰው ነው። አውቶቡሱን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋና ወደ እኛ ዞረ።

«ስሚ እመቤቴ፣ ይሄ አውቶቡስ ነው፤ ክሊኒክ አይደለም።»

«እኔ የተሳፈርኩበት ሁሉ ክሊኒክ ነው» አለች።

«ሰው ቢሞትብኝ ኬላ ላይ የምታገተው አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ። የባሰባቸው ከፊታችን ያለችው ከተማ ላይ ይውረዱ።» ይህን ሲል የሚያየው በለጠችን ነው። «አባባ፣ ለእሳቸውም ይሻላቸዋል፤ ሐኪም ያገኛሉ።»

የማናውቀው ከተማ፣ ዘመድ የሌለን፣ ኪሳችን ባዶ። በለጠች ዓይኗን ሳትገልጥ እጄን ያዘች። ያን ጊዜ ሲስተር ወንበሩ ላይ ወጣችና ሁላችንንም ተመለከተች።

«ስሙ! በዚህ አውቶቡስ ላይ ሞት ትኬት አልቆረጠም! መሞት የፈለገ ደብረ ብርሃን ወርዶ፣ ተመዝግቦ፣ በሥርዓት ይሙት። መንገድ ላይ መሞት ክልክል ነው!»

«አንቺ ማን ነሽና ትከለክያለሽ?» አለ ደምሴ።

«አንተ ማጨስ ክልክል ነው ብለህ ለጥፈህ የለም? ከሥሩ ይሄን ጨምርበት።»

ሰው ሳቀ። ስንት ቀን ያልሳቀ ሰው ሳቀ። ደምሴም ላለመሳቅ ጺሙን ያክካል። «አንድ ሰው ቢሞትብህ እኔን ለፖሊስ አስረክብ» አለችው። «አንቺን የሚረከብ ፖሊስ የት ይገኛል?» አለና ሞተሩን አስነሳ።

ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ የእሷ ሆነ። የባሰባቸውን ፊት በር አጠገብ አስቀመጠች፤ ደህናዎቹን ኋላ ወረወረቻቸው። በየመንገዱ እያስቆመች ወንድ በግራ፣ ሴት በቀኝ ብላ አወረደች፤ ለሴቶቹ ነጠላ አስይዛ ከለለች። ከጤና ኬላው ስትወጣ ልብሷን ትታ ያመጣችው ለተቅማጥ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት ነበር፤ ውሃ አስፈልታ፣ በባዶ ሃይላንድ በጥብጣ፣ በማንኪያ እየዞረች አጠጣች። እንቢ ያለውን አፍንጫውን ይዛ። አንዱ ጎረምሳ «ጨው ጨው ይላል» ቢላት «ሞትም ጣፋጭ አይደለም፣ ዋጥ!» አለችው።

ሐሙስ ማታ አንድ ቦታ አድረን ዓርብ ጠዋት ስንነሳ ብዙው ሰው ቀና ብሎ ወደ ጾሙ ተመልሶ ነበር። በለጠች ግን ባሰባት። ማታ የጠጣችውን ሌሊቱን አስመልሳዋለች፤ ጠዋት ደግሞ ጾም ነው ብላ አፏን ገጠመች። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ፤ ከንፈሯ ተሰነጠቀ።

«እትዬ በለጡ፣ አንድ ማንኪያ» አለች ሲስተር።

«ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን።»

«ዘጠኝ ሰዓት አንቺን አይጠብቅሽም እኮ! የታመመ አይጾምም ብላ ያዘዘችው ቤተ ክርስቲያን ራሷ ናት።»

«እንግዲያው የንስሐ አባቴ ይፍቱኝ።»

የንስሐ አባታችን በሌላ አውቶቡስ ሄደዋል። ተደወለ፤ ስልካቸው አይሠራም። ሌላ ቄስ ከመንገድ ለምነን እናምጣ ብንላት አላውቃቸውም አለች። በለጠች እንዲህ ናት። ከእኔ ጋር የኖረችው በከንቱ አይደለም።

«የሙሉ አባት፣ ሰዓቱ ስንት ነው?» አለችኝ። ሙሉ ልጃችን ናት፤ ዐረብ አገር ሆና የላከችልኝ ሰዓት እጄ ላይ አለ።

«አራት ሰዓት» አልኩ።

ሲስተር በዓይኗ ገደለችኝ። ምን ላድርግ? አራት ሰዓት ነበራ።

አዲስ አበባ ልንደርስ ስንል ደምሴ ነዳጅ ሊቀዳ ቆመ። ሲስተር የበለጠችን እጅ አንስታ ቆነጠጠች። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቆሞ ቀረ። ቆሞ ቀረ! ከዚያ እኔን በኮቴ ጎትታ አወረደችኝ። ያን ጊዜ ብቻ ነው ሳትቀልድ ያየኋት።

«አይተሃል? ያ ቆዳ ወደ ቦታው ካልተመለሰ እሷም አትመለስም። ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አትቆይልህም።»

«ምን ላድርግ?»

«ዘጠኝ ሆኗል በላት።»

«ገና አምስት ተኩል ነው።»

«ሰዓት ማንበብ ከአንተ አልማርም! ሆኗል በላት።»

«በለጠችን ዋሽቻት አላውቅም።»

እውነቴን ነው። እኔ በሬዬን ገበያ አውጥቼ ገዢው «እንዴት ነው ሲያርስ?» ቢለኝ «ሰነፍ ነው፣ ይተኛል» ብዬ በሬዬን ይዤ የተመለስኩ ሰው ነኝ። በሬው የተመለሰ ዕለት በለጠች ተቆጥታ አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሰው ሁሉ የሚላትን ትታ እኔን ነው የምትጠይቀው።

«እሺ» አለች ሲስተር። «እውነትህን ይዘህ ቅበራት።»

ነዳጅ ቀጂው እንኳ ዞሮ አየን።

«እኔ ብዋሽስ ፀሐይዋ ትዋሻለች?» አልኩ። «በለጠች ሰዓት የምታውቀው በጥላ ነው። በመስኮት አንድ ጊዜ ብታይ አለቀ።»

ሲስተር ወደ ሰማይ አየች፤ ወደ አውቶቡሱ አየች፤ ወደ እኔ አየች። ፈገግ አለች።

«መጋረጃ» አለች።

ቀድማኝ ገባችና በለጠች ተሸፋፍና ሳለች በሹክሹክታ ነገሩን ከወንበር ወንበር አዳረሰችው። ሁለት ቀን ሙሉ ክፈቱ እያለች ያስለቀሰችን ሴትዮ መጋረጃ ዝጉ አለች። መስኮቱን ዝጉ ግን አላለችም! ንፋሱ መጋረጃውን እያራገበ ፀሐይ ያስገባል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የመጋረጃውን ጫፍ በእጁ ይዞ ተቀመጠ። አውቶቡሱ ጭልም አለ። ደምሴ ሬዲዮው ሰዓት እንዳይናገር ቀድሞ አጠፋው። እሱ ራሱ ነው ያሰበው፤ ማንም አላዘዘውም።

ከኋላ አንዱ ተኝቶ የነበረ ሰውዬ ነቃና ስልኩን አይቶ «ምን ጉድ ነው? ጨለማው ምንድን ነው? ገና ስድስት ሰዓት አልሞላ!» አለ።

«ስልክህ ተበላሽቷል!» አለ ደምሴ በመስታወቱ እያፈጠጠበት።

«ኧረ ደህና ነው፣ ትናንት ነው...»

«ተበላሽቷል አልኩህ! ዘጠኝ ሰዓት ነው!»

ዙሪያው ያሉት ሰውዬውን አፉን ያዙት።

በለጠች ጋቢውን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። መጋረጃውን አየች፤ ሰዉን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«የሙሉ አባት፣ ሰዓቱ ስንት ሆነ?»

አውቶቡስ ሙሉ ሰው መጋረጃውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ሲስተር ማንኪያ ይዛ ቆማለች፤ አታየኝም፣ የምታየው የበለጠችን ከንፈር ነው። ሰዓቴን አየሁ። ምን እንደሚል አላስታውስም፤ ማየት ብቻ ነው ያየሁት።

«ዘጠኝ ሆኗል» አልኩ።

«ዘጠኝ?»

«እንዲያውም አልፏል።»

ያቺን «እንዲያውም» ማን እንዳስጨመረኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ቀኑ እንዴት ሮጠ!» አለችና አማተበች። ከዚያ ጸሎት ጀመረች። አቡነ ዘበሰማያት አለች፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል አለች፣ ለሙሉ ጸለየች፣ ለጎረቤት ጸለየች፣ ለሾፌሩ ጸለየች። ሲስተር በአንድ እግሯ ትቆማለች፣ በሌላው ትቆማለች።

«እትዬ በለጡ፣ አሜን የሚባለው መቼ ነው?»

«አትቸኩይ፤ ላንቺም እየጸለይኩ ነው።»

ጠጣች። የመጀመሪያውን አስመለሰችው። «ያ ለመኪናው ነው፣ ይሄ ላንቺ» አለቻት ሲስተርና እንደገና ሰጠቻት፤ ትንሽ ቆይታ እንደገና። ሦስተኛው ሆዷ ውስጥ ቀረ። ሲስተር ወለሉ ላይ ተቀምጣ በማንኪያ እያንጠባጠበች ሄደች። እጇ አልተንቀጠቀጠም፤ ቆሎዋን በልታለቻ።

አሁን አለቀ ብለን ስንተነፍስ በለጠች ቀና አለች።

«እናንተስ? ዘጠኝ ከሆነ ለምን አትበሉም?»

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ።

«ስለ እኔ ብላችሁ ነው እንዴ? ኧረ እንዲህ አይደረግም! ብሉ! ካልበላችሁ እኔም አልጠጣም።»

ይሄን ማናችንም አላሰብነውም። አውቶቡሱ ሙሉ ጾመኛ ነው፤ ገና ስድስት ሰዓት ነው፤ ካልበላን ደግሞ ሴትዮዋ ማንኪያውን ልትገፋ ነው። ሲስተር ዞራ ባፈጠጠችብን ጊዜ ፊት የተቀመጡት አንድ አዛውንት እጃቸውን ባዶ ፌስታል ውስጥ አስገቡ፤ አወጡ፤ ወደ አፋቸው ወሰዱ፤ አላመጡ። ምንም የለም እጃቸው ላይ! ከዚያ ጎረቤታቸው አላመጠ። ከዚያ ሴቶቹ። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው በአንድ እጁ መጋረጃ ይዞ በሌላው ባዶ አየር ይጎርሳል። አንዷ ባሏን አጎረሰችው፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ተቀበለ። ሌላው «ዛሬ በርበሬው በዝቷል» አለ። እኔም አላመጥኩ። ሲስተር ብቻ ናት እውነተኛ ቆሎ የቆረጠመችው፤ ኧረ እንዴት ይጣፍጣል እያለች።

«አሁን ደግ አደረጋችሁ» አለች በለጠች፤ ጠጣች።

እውነተኛው ዘጠኝ ሰዓት ደብረ ብርሃን መዳረሻ ላይ ያለችው ጫጫ ሳንደርስ ሆነ። ርቦናል። ደምሴ በመስታወቱ ሰዓቱን በጣቱ አሳየን፤ ሁሉም ሰው ድምፅ ሳያሰማ ስንቁን ፈታ። የላስቲክ ኮሽታ ግን አይደበቅም።

«ደግማችሁ ትበላላችሁ?» አለች በለጠች። «በሁዳዴ!» ድምፅ አውጥታ፣ ተቆጥታ ነው የተናገረችው። ጠዋት ቁጣ ቀርቶ ትንፋሽ አልነበራትም። ሲስተር እጇን ይዛ ቆነጠጠቻት። ቆዳው ቀስ ብሎ፣ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብሎ፣ ተመልሶ ተኛ። ሲስተር ፊቷን ወደ መጋረጃው አዙራ ለረጅም ጊዜ አፍንጫዋን ተናፈጠች። ከዚያ «ደምሴ፣ ንዳ እንጂ! ምን ቆመሃል?» ብላ ጮኸች።

«ማን ቆመ?» አለ ደምሴ።

ደብረ ብርሃን ስንገባ በለጠችን ጤና ጣቢያ አስገባናት፤ ግሉኮስ ተተከለላት። አውቶቡሱ ላይ ማንም አልሞተም። ደምሴ ከመሄዱ በፊት ለሲስተር «ሁለተኛ አንቺን አልጭንም» አላት፤ ጎንበስ ብሎም ጉልበቷን ሊስም ቃጣው። በጃንጥላዋ አባረረችው።

በለጠች ዛሬ ከእኔ የተሻለ ጤና አላት። ሰዓቱን አልነገርኳትም፣ ሲስተርም አልነገረቻትም፣ ያ ሁሉ ባዶ አፉን ያላመጠ ሰውም አልነገራትም። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ይህን የምታነቡ የሠፈር ልጆች፣ አንብባችሁ ታሰሟትና እኔና እናንተ አንድ ላይ አናድርም።

ደብረ ብርሃን የገባን ማግስት ቅዳሜ ነበር፤ ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ይበላል። እኔ በጠዋት ጤና ጣቢያው ግድግዳ ሥር፣ ፀሐይዋ ገና የምታሞቅበት ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ሲስተር ሌሊቱን በለጠች አጠገብ ወንበር ላይ አድራ ኮቷን እያራገፈች ወጣች። መጥታ እጄን ቆነጠጠች።

«አልበላህም።»

«አልበላም።»

«ቅዳሜ እኮ ነው፣ ጋሽ ተክሌ!»

«አውቃለሁ። ትናንት በለጠች ሰዓቷ ሳይደርስ የጠጣችው በእኔ ቃል ነው። እኔ እስከ ዘጠኝ ልጹምላት።»

ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጀሁ፤ ስድቧንም ጀምራ ነበር፣ አፏ ተከፍቶ ነበር። ተመልሶ ተዘጋ። ሄደች። ያለ ሰላምታ፣ ያለ ቁንጥጫ፣ ጃንጥላዋን እየወዘወዘች ከግቢው ወጣች። ተቀይማኛለች ብዬ ተቀመጥኩ።

ፀሐይዋ ከጣሪያው ጠርዝ ብዙም ሳትርቅ ተመለሰች። በአንድ እጇ ሻይ፣ በሌላው ግማሽ ዳቦ ይዛለች። ፊቴ ቆመች፤ ሰማዩን ቀና ብላ አየች፤ አንገቷን እንደሚያውቅ ሰው ነቀነቀች።

«ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል» አለች።

አየኋት። አልሳቀችም። ዓይኗ ቀልቷል፣ ፀጉሯ በአንድ ወገን ተጨፍልቋል።

«ሆነ?» አልኳት።

«እንዲያውም አልፏል።»

ሰዓቴን ወደ እጅጌዬ ውስጥ ከተትኩት። አማተብኩና ዳቦውን ተቀብዬ በላሁ።